«አንዱ ብር ሦስት ሆኖ ይመለሳል»፦ የሠራተኛ ጤና ፕሮግራም ሒሳብ ከኮምቦልቻ ሲታይ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍልን የሚመራ ወዳጅ አለኝ። አንድ አማካሪ ፕሮፖዛል ይዞላቸው መጣ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛው በዓመት አንዴ ደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ክብደቱን ይለካል። ስለ አመጋገብና ስለ ጭንቀት ሥልጠና ይወስዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ስፖርት ይሠራል። ለዚህ ያወጣችሁት እያንዳንዱ ብር ከሦስት ብር በላይ ሆኖ ይመለስላችኋል ይላል ወረቀቱ። ይቺ መስመር በደማቁ ተጽፋለች።

ሥራ አስኪያጁ ዕድሜያቸውን ከጥጥና ከክር ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። አንብበው ሲያበቁ «ጥሩ ነገር ነው ልጄ። ግን ሦስቱ ብር የሚገባው በየትኛው ሒሳብ ነው? እሱን አሳየኝና እፈርማለሁ» አሉት። ወዳጄ መልስ አጣ። እኔ በሒሳብ ሥራ ስለምተዳደር ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ።

ቁጥሯን ተከትዬ ሄድኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ቁጥሯ ከየት መጣች

አማካሪው ቁጥሯን ከኪሱ አላወጣትም። በ2010 ካተሪን ቤከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩይ ሶንግ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እስከዚያ የወጡ ጥናቶችን ሰብስበው ፈትሸው ነበር። ያገኙት ይህን ነው። በሠራተኛ ጤና ፕሮግራም ላይ አንድ ዶላር ሲወጣ የሕክምና ወጪ በ3.27 ዶላር ገደማ ይቀንሳል፤ ከሥራ መቅረት የሚያስከትለው ወጪ ደግሞ በ2.73 ዶላር ገደማ። ዓመቱ የአሜሪካ አዲሱ የጤና ሕግ የጸደቀበት ነበር። ሕጉ በፕሮግራሙ ለሚሳተፍ ሠራተኛ አሠሪው ጠቀም ያለ ማበረታቻ እንዲሰጥ በር ከፍቷል። ቁጥሯ ክንፍ አወጣች። ፕሮግራም ሻጩ ሁሉ ብሮሹሩ ላይ ለጠፋት። እየዞረች እየዞረች ኮምቦልቻ ገባች።

አጥኚዎቹ አልዋሹም። ችግሩ ያለው ከሰበሰቧቸው ጥናቶች ብዙዎቹ በተሠሩበት መንገድ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ የገባውን ሠራተኛ ካልገባው ጋር ያወዳድራሉ። ለመሆኑ በፈቃዱ ተነሥቶ ጤናዬን ልመርመር የሚል ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ድሮም ለራሱ የሚጠነቀቀው ነው። የማያጨሰው፣ በእግሩ የሚሄደው፣ ደም ግፊቱን የሚያውቀው። አንድ ሰው የዋና ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ የተመዘገቡለት የሐይቅ ዳር ልጆች ሆነው ሳለ፣ «ተማሪዎቼ ሁሉ ዋናተኛ ሆኑ» ብሎ ማስታወቂያ ቢያስነግር ማን ያምነዋል? የጤና ፕሮግራም ሲሆን ግን አመንነው።

ኢሊኖይ ላይ የሆነው

ይህን ጥርጣሬ በወጉ የፈተነው ሥራ የተሠራው በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኧርባና ሻምፔይን ግቢ ነው። መሪዎቹ ዴመን ጆንስ፣ ዴቪድ ሞሊተርና ጁሊያን ሪፍ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ናቸው። በ2016 ለ12,459 የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ጥሪ አደረጉ። 4,834ቱ መጠይቁን ሞልተው ተመዘገቡ። ከዚያ ዕጣ ወጣ። 3,300ው ፕሮግራሙ ውስጥ ገቡ፤ 1,534ቱ ዕጣው አልወጣላቸውም።

ዕጣው ነው ቁም ነገሩ። ሁለቱም ወገኖች በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ናቸው። ከመነሻው በጤናም፣ በደመወዝም፣ በጠባይም አይለያዩም። በኋላ ልዩነት ቢታይ ምክንያቱ ፕሮግራሙ ነው ለማለት ይቻላል።

ፕሮግራሙ ለኮምቦልቻው ፋብሪካ ከቀረበው ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የአካል ምርመራ አለ፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የወገብ ልክ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል። ቀጥሎ ስለ ጤና የሚጠይቅ ረዘም ያለ መጠይቅ ይሞላል። ከዚያ በሁለቱ ወሰነ ትምህርት ሠራተኛው የሚመርጣቸው ነገሮች አሉ። ሲጋራ ማቆም፣ ጭንቀትን መቆጣጠር፣ ክብደት መቀነስ፣ ስፖርትና የመሳሰለው። ይህ ሁሉ ደግሞ በሥራ ሰዓት መሄድ ተፈቅዶ።

ማበረታቻውም በዕጣ ነበር። ምርመራውንና መጠይቁን ለጨረሰ ለአንዳንዱ ምንም፣ ለአንዳንዱ 100 ዶላር፣ ለአንዳንዱ 200 ዶላር። ምንም ካልተሰጣቸው 47 በመቶው ጨረሱ። 100 ሲሆን 59 በመቶ። 200 ሲሆን 63 በመቶ። የመጀመሪያው መቶ ዶላር ሰው አመጣ፤ ሁለተኛው ያመጣው እፍኝ የማይሞላ ነው። ቴሌቪዥን በሎተሪ እንሸልማለን ብለው ፕሮፖዛል የሚያሳምሩ ሰዎች ይህቺን ልብ ቢሏት ጥሩ ነው።

ስንቱ ሰው እንደቀጠለም እንይ። ዕጣው ከወጣላቸው ውስጥ ምርመራውንና መጠይቁን የጨረሱት 56 በመቶ ያህል ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን እንቅስቃሴዎች በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የጨረሱት ሩብ ያህሉ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከዚያም አነሱ። እንግዲህ እነዚህ ምርጥ ቢሮ ያላቸው፣ በሥራ ሰዓት የተፈቀደላቸው፣ ዶላር የተጨመረላቸው ሰዎች ናቸው። ሲሰፋ የዋለ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ምን ያህሉ ኳስ ሊጫወት እንደሚቀር መገመት አያቅትም።

ውጤቱስ? ከአንድ ዓመት በኋላ በደርዘን የሚቆጠሩ ነገሮችን ለኩ። የሕክምና ወጪ፣ የሕመም ፈቃድ ቀን፣ የስፖርት ማዘውተሪያ መግቢያ ካርድ፣ የሩጫ ውድድር ምዝገባ ሳይቀር። የተለወጡት ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የጤና ምርመራ ያደረገው ሰው በዛ። ሁለተኛ፣ «አለቆቼ ለጤናዬና ለደኅንነቴ ይጨነቃሉ» የሚለው ሰው በዛ። የሕክምና ወጪው አልቀነሰም። ከሥራ መቅረቱም አልቀነሰም። ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቀው ሲያዩትም ያው ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ቀጥለው ያደረጉት ነው። ዕጣው የወጣላቸውን ብቻ ለይተው፣ ከነሱ ውስጥ የተሳተፉትን ካልተሳተፉት ጋር አወዳደሩ። ልክ እንደ ድሮዎቹ ጥናቶች ማለት ነው። በዚህኛው መንገድ ሲታይ ፕሮግራሙ ጉድ የሚያሰኝ ሆነ! የተሳተፉት ለሕክምና የሚያወጡት ያነሰ ነው፤ ስፖርት ቤት አዘውትረው ይሄዳሉ። ያው ፕሮግራም፣ ያው ሰው፣ ያው ዓመት። ተሳታፊዎቹ ግን ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመትም ወጪያቸው ያነሰ ነበር። ትርፉ የመጣው ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው። በ2019 ሥራው በኢኮኖሚክስ መጽሔት ሲታተም፣ ስለ ሕክምና ወጪና ከሥራ ስለ መቅረት ቀደም ብለው ከወጡት ግምቶች 84 በመቶዎቹ ከዚህ ጥናት የመተማመኛ ወሰን (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ ከሚታመነው ክልል) ውጭ ወደቁ።

ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ፋብሪካ አይደለም የሚል ይኖራል። ተገቢ ነው። በዚያው በ2019 ቢጄስ በተባሉ የአሜሪካ የጅምላ መደብሮች የተሠራ ጥናት ወጣ። ሸቀጥ የሚያነሡ፣ የሚደረድሩ፣ ገንዘብ የሚቀበሉ ሠራተኞች ናቸው። ከ160 መደብሮች 20ዎቹ በዕጣ ተመርጠው ፕሮግራሙ ገባላቸው። ወደ 33,000 ሠራተኛ ነው የተቆጠረው። ከ18 ወር በኋላ ሠራተኞቹ ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን የሚል መልስ ሲሰጡ ከሌሎቹ በለጡ። ደም ግፊታቸው፣ ስኳራቸው፣ የሕክምና ወጪያቸው፣ የቀሩበት ቀን ግን ያው ነበር። ጥናቱን የሠሩት ዚሩይ ሶንግና ካተሪን ቤከር ናቸው። አዎ፣ እነዚያው የ3.27ቶቹ። ሰው የራሱን ቁጥር በተሻለ መለኪያ እንደገና ሲፈትን ማየት ደስ ይላል። አማካሪው ግን ያመጣልን የ2010ሩን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ማከል አለብኝ፤ ሁሉም ፕሮግራም ባዶ ነው ብዬ እንዳልሸውዳችሁ። በ2014 የፔፕሲኮን የሰባት ዓመት መረጃ የመረመሩ ሰዎች ፕሮግራሙን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ስኳርና አስምን የመሰለ ሕመም ያለበትን ሰው ተከታትሎ መርዳት ነው። ይህኛው በአንድ ዶላር 3.80 መለሰ። ሁለተኛው ለጤነኛው ሁሉ የአኗኗር ምክር መስጠት ነው። በአንድ ዶላር 50 ሳንቲም መለሰ። ይህ ጥናት በዕጣ የተሠራ አይደለም፤ ስለዚህ 3.80ውን እንዳለ አልቀበለውም። የሁለቱ ርቀት ግን ይበቃኛል። ገንዘብ ካለ ያለው የታመመው ጋ ነው።

የአሜሪካ ሒሳብ ኮምቦልቻ ላይ

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቁ አሠሪ የሠራተኛውን የጤና መድን ይከፍላል። ሠራተኛው ስኳሩ ሲስተካከልለት የሕክምና ክፍያው የሚቀንሰው ለአሠሪው ነው። 3.27 የምትባለዋ ቁጥር የምትቀመጥበት ሒሳብ እዚያ አለ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ይህ ሒሳብ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አሠሪውን ሕክምና የሚያስከፍለው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። ለግል ሕመም፣ በኅብረት ስምምነት ካልተገባ በቀር፣ ሠራተኛዋ ከኪሷ ትከፍላለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑ በሙከራ ሲጀመር፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ያለው ተሁለደሬ ነበር። እሱ ግን ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው የተዘጋጀ ነው። ተሁለደሬ ያሉ እናትና አባት የመድኅን ካርድ ሲኖራቸው፣ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው የላትም ማለት ነው። ስለዚህ ከፕሮፖዛሉ የመጀመሪያዋን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝናት።

የቀረችው ሁለተኛዋ ናት፤ ከሥራ መቅረት። እሷ ሒሳብ አላት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ስትታመም፣ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ቀን የሚቀር ሰው ሁሉ እንግዲህ የሚወድቀው ሙሉ ደመወዝ በሚከፈልበት ወር ውስጥ ነው። ፋብሪካው ከባድ ሕመም ብዙ ያስወጣኛል ብሎ ይሠጋል። በዕለት ተዕለት የሚያንጠባጥበው ግን ትንንሹ ነው።

ደመወዙ ደግሞ ግማሹ ወጪ ብቻ ነው። ስፌት መስመር ላይ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ቀጣይዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ጎን ትዘጋለች። የኮሌታዋ ልጅ ስትቀር በማሽኗ ፊት የታሰረው ቁራጭ እየተቆለለ ይሄዳል። ከሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። የመስመር ኃላፊዋ ሁሉን የምትችል አንዲት ልጅ ከሌላ መስመር ለምና ታመጣለች፤ የዚያኛው መስመር ኃላፊ ትቆጣለች። ይህ በፔሮል ላይ አይታይም። ዕለቱ ሲያልቅ በወጣው ሸሚዝ ቁጥር ላይ ግን ይታያል።

ታዲያ የሚቀሩት ለምንድን ነው? ወዳጄን የዓመቱን የሐኪም ወረቀት በወርና በመጡበት አካባቢ እንዲለያቸው ጠየቅሁት። መቁጠሩ አሰልቺ ነው፤ ፕሮፖዛል ከማንበብ ግን ይሻላል። ብዙዎቹ ልጆች ከቃሉ፣ ከሐርቡ፣ ከባቲ አቅጣጫ የመጡ ናቸው። ቦርከና ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። ክረምቱ ሲወጣ ቆላው የወባ አገር ነው። ልጆቹ ለበዓል ቤተሰብ ጋ ወርደው ንዳድ ይዘው ይመለሳሉ። ከመስከረም በኋላ ወረቀቱ ይወፍራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኅዳር አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው። የሐኪም ወረቀቷ ወባ ትላለች፤ ልጅቷ ግን የአባቷን ማሽላ ስታጭድ ከርማ ሊሆን ይችላል። አልፈርድባትም። ነገር ግን የአዝመራ ቀሪ በወባ መድኃኒት አይቀንስም። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ከተመዘገቡ ፕሮግራሙ ያለ ጥፋቱ ከሳሪ ይመስላል።

ወባን መመርመርና ማከም በሥራ ውጤት ላይ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ፤ ያውም ከአፍሪካ። ናይጄሪያ ውስጥ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ አንድሩ ዲሎን፣ ጄድ ፍሪድማንና ፒተር ሰርኔልስ ሠርተውታል። ቆራጮቹ የሚከፈላቸው በቆረጡት መጠን ነው፤ ስለዚህ ማን ስንት እንደሠራ በቀጥታ ይታያል። የምርመራና የሕክምና ዕድል ሲሰጣቸው፣ በተከታዮቹ ሳምንታት ገቢያቸው በ10 በመቶ ገደማ ጨመረ። የታመሙት ድነው ብቻ አይደለም። ከወባ ነፃ ናችሁ የተባሉትም ገቢያቸው ከፍ አለ፤ የተሻለ የሚያስገኘውን ሥራ መምረጥ ጀመሩ። ጤነኛ መሆኑን ያወቀ ሰው ይደፍራል።

የደም ማነስም እንዲሁ ነው። በ1979 የታተመ የኢንዶኔዥያ ጥናት አለ። ደም ያነሳቸው የጎማ ዛፍ ሠራተኞች ለ60 ቀን የብረት ንጥረ ነገር ክኒን ሲወስዱ፣ የሥራ ውጤታቸው ደም ያላነሳቸው ጓደኞቻቸው ጋ ተጠጋ። ቁርስ ሳትቀምስ ማሽን ላይ ለምትቀመጥ ልጅ የኮሌስትሮል ሥልጠና ምን ያደርግላታል?

ሒሳቡ

ለሥራ አስኪያጁ ያዘጋጀንላቸውን ስሌት እነሆ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተያዙ ናቸው፤ ማንም የራሱን አስገብቶ ሊሠራው ይችላል።

የአንዲት ኦፕሬተር ደመወዝ 5,000 ብር ይሁን። በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል የቀኑ 192 ብር ነው። በወባ አራት ቀን ብትቀር 769 ብር ይከፈልባታል። ፋብሪካው ውስጥ ነርስና የወባ መመርመሪያ ቢኖር አራቱም ቀን አይድንም። ትኩሳቱ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። የሚድነው ተራ ጥበቃውና ዛሬ ነገ እያሉ መድኃኒት የሚዘገይበት ጊዜ ነው። ሁለት ቀን እንበል፤ 385 ብር መሆኑ ነው። የነርሷና የመመርመሪያው ዓመታዊ ወጪ 120,000 ብር ይሁን። ወጪውን ለመመለስ 312 የወባ ሕመም በጊዜ መያዝ አለበት። መስመሩ ላይ የሚደርሰው ኪሳራ ከደመወዙ ጋር እኩል ነው ብለን ብንጨምር 156 ይበቃል።

እንግዲህ ጥያቄው ጠበበ። በዓመት 156 የወባ ሕመም አለ ወይስ የለም? ለዚህ አማካሪ አያስፈልግም፤ መዝገቡ ይናገራል። ሦስት እጥፍ ትርፍ ግን ከየትም አይወጣም። ወጪውን መልሶ ትንሽ ቢተርፍ በጎ ነው።

ስለ ዓመታዊው ምርመራ ከወዳጄ ጋር ትንሽ ተከራክረናል። እሱ «ደም ግፊት እኮ ድምፅ የለውም፤ አንዲት እናት እንኳ ቢተርፍልን» ይላል። ልክ ነው። ኢሊኖይም ላይ ምርመራው ሰው አስመርምሯል፤ አለቆች ያስቡልኛል የሚል ስሜትም አምጥቷል። ሰው እየለቀቀ በሚያስቸግርበት ቦታ ይህ ስሜት ቀላል አይደለም። እኔ የምለው በስሙ ይጠራ ነው። ለሠራተኛ የሚደረግ ጥቅማጥቅም ነው፤ እንደ ሰርቪስና እንደ ምሳ። ትርፍ ያመጣል ተብሎ ከተጀመረ፣ ትርፉ ሲጠፋ በዓመቱ ይዘጋል። ደግሞም ግፊትና ስኳር ተገኝቶባት ክትትል የሌላት ሠራተኛ ወረቀት ብቻ ነው የያዘችው። በጀቱ ካለ ለክትትሉ ይሁን።

ሥራ አስኪያጁ ስሌቱን ሁለቴ አዩትና «ይሄኛው ገባኝ» አሉ። ለወባው ምርመራና ለነርሷ ፈቀዱ። ዓመታዊው ምርመራ በአነስተኛ በጀት፣ ግፊትና ስኳር ለሚገኝባቸው ክትትል ታክሎበት እንዲቀጥል ተስማሙ። አማካሪው ክፍያው ከውጤት ጋር ይያያዝ ሲባል አስቤ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል።

አንድ ሐሳብ አስቸግሮ ነበር፤ ዕጣው። ነርሷ የምትጀምርባቸው የስፌት መስመሮች እንደ ኢሊኖይ በዕጣ ይለዩና ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር ይወዳደሩ ብለን ነበር። የመስመር ኃላፊዎቹ አንዱን መስመር ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ነውር ነው አሉ። መልሱ ቀላል ነበር። ነርሷ አንድ ናት፤ በመጀመሪያው ወቅት ሁሉንም አታዳርስም። ማን ይቅደም የሚለውን አለቃ ከሚመርጥ ዕጣ ቢመርጠው ጭቅጭቅ የለውም። ዕጣ ያልወጣላቸው መስመሮች እንደ ወትሮው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ የታመመች ልጅ በሩ ላይ ከመጣች ግን የማንም መስመር ትሁን ትታያለች። ዕጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይወጣል፣ ወቅቱ ሳይገባ። ቆጠራው እስከ ታኅሣሥ ይሄዳል። የአዝመራ ቀሪዎች በሌላ ዓምድ ይመዘገባሉ፤ የሐኪም ወረቀት ቢያመጡም ባያመጡም ማንም እንደማይቀጣቸው ከወዲሁ ተነግሯቸዋል፣ እውነቱን እንዲናገሩ።